አፍንጫው እንዳይደፈን

ለእህቴ ለለንሳ፣

የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ትንሿን ኡርጌን ወባው ለቀቃት? የባልሽ የኢብሳ ወገብስ ተሻለው? እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን። በስልክ “አካም ጅርታ” ብዬ ሳልጨርስ ኔትወርኩ ስለሚሄድ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

ጎረቤታችን ሽታዬ በጉልበት ሕመም ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ውላ፣ አሁን በከዘራ እስከ በራችን ትመጣለች። እጃጂ ያለችው ልጇ መንታ ተገላግላለች። “አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል፣ ተረኛ ዘበኛ ናቸው” ትላለች ሽታዬ፣ እየሳቀች።

የእኔን ነገር ልንገርሽ። በምሠራበት መዝገብ ቤት የመሬት ፋይሉ ያለበት ክፍል ጣሪያው ሥር ቧንቧ ተዘርግቷል፤ ቧንቧው ምስር ምስር የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አሉት። ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን በነሱ አየር እየሳበ ያሸታል፤ ዓይን ያላየውን ጭስ ካገኘ ይጮኻል። “ፉኛን” ብለን ስም አውጥተንለታል፣ ሥራው የአፍንጫ አይደል። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሁለት ቀን አሳይቶኝ፣ ጽዳቱ ለእኔ ተሰጠኝ።

በሐምሌ የሳጥኑን ማጣሪያ አጠብኩት። ፀሐይ ከየት ይምጣ? እርጥቡን ከምመልሰው ብዬ ቤት ወስጄ፣ የወተት ዕቃ በወይራ የማጥንበት ጥግ ከእሳቱ በላይ ሰቀልኩት። ደረቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ መለስኩት። ሰዓት ሳይሞላ ጩኸቱ ሕንፃውን አናወጠው፣ ሰው ሁሉ ዝናብ ላይ ወጣ። ለካ ማጣሪያው ላይ የቀረውን ጥላሸት ሳጥኑ ከሚስበው አየር ጋር ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ባለሙያው በስልክ “ማጣሪያ በአዲስ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም” አለኝ። ዘበኛው ቶሌራማ፣ ጂቱ ማሽኑን እንደ ቅል አጠነችው፣ ነገ እርጎ ይወጣዋል እያለ መሳቂያ አደረገኝ።

ኃላፊያችን ኦቦ ኤጄታ ማሽኑ ይጥፋ፣ አንቺም ወደ መጥረጊያሽ ተመለሺ አሉ። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማሽኑ ጭስ ሸቶት ጭስ አለ፣ ታዲያ ምን ይበል አልኳቸው። አባባ አንዲት የመሬት ወረቀት ጠፍታበት ስንት ዓመት ደጅ እንደጠና ታውቂያለሽ፤ እዚያ ክፍል ያለው የስንቱ አባት ወረቀት ነው። አጽድቼ ላሳይዎት ብዬ እስከ ዓርብ ቀን ለመንኩ።

ቀዳዳዎቹ ሃያ ስድስት ናቸው። መሰላል ላይ ወጥቼ አንድ በአንድ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኋቸው፤ ከሰፉ ማሽኑ ይሳሳታልና መርፌ አላስነካሁም። አምስቱን ቀለም ቀቢዎች ደፍነዋቸዋል፣ አንዱን ተርብ በጭቃ ሞልቶታል። ቆሻሻው ወደ ሳጥኑ እንዳይሄድ ቧንቧውን ከሳጥኑ ነቅዬ ነፋሁት፣ አዲስ ማጣሪያም አስገባሁ።

ዓርብ ኦቦ ኤጄታ ሰዓታቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ በመጨረሻዋ ቀዳዳ ሥር የጥጥ ፈትል አጨስኩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። አንዱ ደቂቃ አለፈ፤ ቶሌራ ማፏጨት ጀመረ። በሰባ ስምንተኛው ሰከንድ ጮኸ። ኦቦ ኤጄታ ይብራም ይጥፋም ሳይሉ ቢሯቸው ገቡ። ቢያጠፉት ሰኞ ማመልከቻ ይዤ እገባለሁ፤ ከመለሱኝም ደግሜ እጽፋለሁ። ይህን ወስኛለሁ።

ኢብሳን ወገቡን ይጠብቅ በይልኝ። ኡርጌን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይ። ልጄ ሴና አክስቴ ትናፍቀኛለች ትላለች።

ይህን እየጻፍኩ ቶሌራ መጣ። ግባ ስለው አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ኦቦ ኤጄታ ልከውኝ ነው አለ። ማሽኑ ይሥራ፣ የሳጥኑም ቁልፍ ካንቺ ጋር ይሁን ብለዋል ብሎ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሄደ ስል ተመለሰና፣ “ሰኞ ቧንቧው ጋ ስትወጪ መሰላሉን ማን ይይዝልሻል?” አለኝ።

እህትሽ ጂቱ
አምቦ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.