ወንዝ ዳር የወረደው ትምህርት ቤት

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጎንደር

ዛሬ ገበያ ማጭድ ስሸጥ፣ ጣልያኖች የከፈቱት ትምህርት ቤት ኃላፊ መጣ። ያገራችን ሰው ነው።

«አያ ታምራት፣ ልጅዎን ይስሐቅን ምነው አይሰጡንም? እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል።»

«የማን እጅ የሠራውን ይበላል? ቅዳሜስ?»

«እርስዎ ደግሞ! እንጀራ ያው እንጀራ ነው» ብሎ ሳቀ። እስከ እሑድ መልስ ይፈልጋል።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ይስሐቅን ያስተምር የነበረውን መምህር ገብሩን ግን ናፈቅሁት። እሱም ክርስቲያን ነበር። የኛ የቤተ እስራኤል ልጆች ከሌላ እምነት ሰው ጋር ተነካክተው ሳይታጠቡ መንደር እንደማይገቡ ሲሰማ፣ ትምህርቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አንሥቶ ወንዝ ዳር አወረደው። እኛም እነሱም የምናነበውን ዳዊት ያስነብባቸው ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቃቸዋል፤ የኛዎቹ ታጥበው ይገባሉ። ቅዳሜ ትምህርት አልነበረም። ካህናቱ ሲያጉረመርሙበት «የናንተዎቹም ትንሽ ቢታጠቡ አይከፋም» ይላቸው ነበር።

ክረምት ሳይገባ ከአርበኞቹ ጋር ወደ አርማጭሆ ወረደ። ከዚያው አገር፣ ከትክል ድንጋይ የሚመጣ ነጋዴ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ዛሬም «አላየነውም» አሉኝ።

ይስሐቅ የተማረውን መርሳት ጀምሯል። እምቢ ብል ማንበቡ ይቀርበታል። እሺ ብል ደግሞ የሚመለስልኝ የኔው ልጅ መሆኑን እንጃ። መምህር ገብሩ ቢኖር ኖሮ አንዱን ምረጥ አይለኝም ነበር።