ማሕፀን፣ ሕፃን፣ መማፀን

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። አዳማ።

እማዬ ዛሬም የኦፕራሲዮኑን የፈቃድ ወረቀት «አልፈርምም» አለች። ሐኪሙ ውስጧ ያለው እጢ ስላደገ ማሕፀኗ ቶሎ መውጣት አለበት ካለ ሳምንት ሆነው። «አምስታችሁን የያዘ ነገር ተቆርጦ የት ሊጣል ነው?» ትላለች።

ከክፍል እንደወጣሁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የአማርኛ አስተማሪ ሲጨንቀው ወደ ቃል ይሮጣል መሰለኝ። ማሕፀን፣ ሕፃን፣ መማፀን፤ ሦስቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሥሩም ማቀፍና ማሳደግ ነው። ሃያ ዓመት ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አላየኋቸውም!

በባጃጅ ሆስፒታል ሄጄ ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በጥሞና ሰማችኝ።

«ተማፃኝ ማለት ሸሽቶ የተጠጋ ሰው አይደል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እናንተ ተጠግታችሁ በሰላም ወጥታችኋል። አሁን እዚያ ውስጥ ማንም የለም።»

ወረቀቱን አምጪ አለችኝ። ስክሪብቶውን ከያዘች በኋላ ግን ቆም አለች።

«እናቴ ማሕፀንን በኦሮምኛ ገደሜሳ ነበር የምትለው። እሱስ ከምን የመጣ ቃል ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነትም አላውቅም።

«በይ ጠያይቂ። ቅዳሜ ከኦፕራሲዮን ስወጣ ትነግሪኛለሽ» አለችና ፈረመች።