ስኳሬና ቀኝ አይኔ

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 1989

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። መካኒሳ አቦ ድረስ ያለ ከዘራ እሄዳለሁ። የስኳር መርፌዬንም ራሴው እወጋለሁ። ሚስቴ አስካለ በሕይወት ሳለች ጭኔ ላይ የምትወጋኝ እሷ ነበረች። ከሞተች ወዲህ ጭኔን ለማንም አላሳየሁም፤ ለልጄ ለአልማዝም ቢሆን።

የመርፌው የልክ መስመር ግን ጠፍቶብኛል። ስንት እንደሳብኩ በአውራ ጣቴ እገምታለሁ። ዛሬ አብዝቼው ኖሮ አላበኝ፣ አንቀጠቀጠኝ። ስኳር ቅሜ ተረፍኩ። አልማዝ "አባዬ፣ ምን ሆነዋል?" አለች። ብርድ ነው አልኳት። በዚያ ፀሐይ!

እሑድ ጥር 18

ተዋረድኩ።

የእድርተኛችን የበላቸው እናት አርፈዋል። ልቅሶ ደርሼ ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ወደ በዳዳ ልጅ ሠርግ ልሄድ ነበር። አልማዝ ልሸኝዎት ብትል "ሰፈሬ ይጠፋኛል?" ብዬ ተቆጣኋት። ድንኳን አየሁ፣ ገባሁ። ሰው ነጭ ለብሶ ተቀምጧል። ዘፈን የለም። "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

በኋላ የበዳዳ ድምፅ፦ "አንተ ተሰማ፣ ልጄን ዳርኳት እንጂ አልቀበርኳትም!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የልቅሶው ድንኳን ከዚያ አልፎ ነው። ሁለቱም የእድራችን ነው፣ አንድ ዓይነት ሸራ። የሙሽሪት እናት ግን አልሳቀችም። "ምን ዓይነት ሟርት ነው" ስትል ሰማኋት።

ልቅሶውም ቀረ። ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ሰኞ ጥር 19

በዳዳ መጣ። "አይንህ ነው አይደል?"

እርጅና ነው አልኩት።

"እኔስ ጎረምሳ ነኝ? ላሜን ወንዙ ማዶ አያታለሁ። አንተ ሙሽራና ሬሳ መለየት አቃተህ።"

ሲሄድ ቀኝ አይኔን ጨፍኜ የአስካለን ፎቶ አየሁ። ክፈፉ አለ። ፊቷ የለም።

ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ አልኳት አልማዝን።

ማክሰኞ ጥር 20

ሐኪሟ በዕድሜ የልጅ ልጄን ታክላለች። አይኔ ውስጥ መብራት አብርታ ብዙ ቆየች። "አባባ፣ ስኳር ከያዘዎት አሥራ ሁለት ዓመት። አይንዎን አንድ ቀን ታይተው ያውቃሉ?"

"ስኳርና አይን ምን አገናኛቸው?"

አስረዳችኝ። አይን ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥር አለ። ስኳሩ ሲበዛ ያንን ይጎዳዋል፣ ይደማል፣ ማየቱ ይጠፋል። የአይን ሞራም አለብኝ። ሞራውን እርጅና ያመጣዋል፣ ስኳር ያፈጥነዋል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ደምቶ የጠፋው አይመለስም።

ግራው ሄዷል። ቀኙም ጀምሮታል። ስኳሩ ልክ ካልገባ ይከተላል።

"መርፌውን ማን ይስብልዎታል?" አለች። ተነስቼ ወጣሁ። አልማዝ ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት አለቀሰች።

ረቡዕ ጥር 21

መድኃኒቱን እንዲቀዘቅዝ ከተቀመጠበት ገንቦው ሥር፣ ከእርጥብ ጨርቁ አወጣሁ። መርፌውን ብልቃጡ አፍ ላይ ልሰካ ስል አውራ ጣቴን ወጋሁት። ደግሜ ወጋሁት። አልማዝ በር ላይ ቆማ ታያለች።

"አባዬ፣ ክንድ ላይም ይወጋል እኮ። ትናንት ሐኪም ቤት ነርሷ አሳይታኛለች።"

"ውጪ!" አልኳት።

ወጣች። ሳልወጋ ዋልኩ። ውሃ ስጠጣ፣ ስሸና፣ ውሃ ስጠጣ አመሸሁ። አስካለ፣ ለምን ቀደምሽኝ?

ሐሙስ ጥር 22

ስነሳ በቀኙም ጉም ነበር። የራሴን እጅ ጣቶች መለየት አቃተኝ። ሄደ፣ አለቀ ብዬ ጮህኩ። አልማዝ ሮጣ መጣች። እጅጌዬን ራሴ ጠቀለልኩት። ያን ያህል አድርጌያለሁ።

ሳበች፣ ወደ መስኮቱ አንስታ ሁለት ጊዜ አየችው፣ ወጋች። እጇ የእናቷ እጅ አይደለም፤ ይፈጥናል። "አመመዎት?" "አላመመኝም።" የማታ መርፌም አለ፣ ማታም ነይ አልኳት። አንገቷን አቀርቅራ ብልቃጡን በጨርቁ ጠቀለለች።

ከሰዓት ጉሙ ትንሽ ሳሳ። ይኸው በትልቅ በትልቁ እጽፋለሁ። ስኳሩ ወርዶ ነው ትላለች አልማዝ። ይቆይ አይቆይ ማን ያውቃል።

ብቻዬን ስሆን ቀኝ አይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ፤ ጨለማው ከመጣ ልልመደው ብዬ። ወንበሩ ጠፋ፣ በሩ ጠፋ። አልተለመደም። ፈርቼ ከፈትኩት።

መስኮቱ አለ።