«በዘራችን የለም» ያልሁባት ቀን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ስመኘው፤ ጅማ።

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም በደጅዎ ይደር። ጤናዎ እንዴት ከረመ? ያ የሚነዝርዎ ጉልበት ተሻለው? የቡናው ለቀማስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጤፉም እያሸተ ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ሄቨን ልጄ፣ ይህን ለአባትሽ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና፣ የሚያሳፍረው ላይ ስትደርሺ እንዳታልፊው።

ልጄ ያምሮት የኦ ክፍል ተማሪ ሳለች መምህርቷ ሥርጉት አስጠራችኝ። እናቷ ባረፈች በዓመቱ ነው። ልጅቱ ከቄስ ትምህርት ቤት ያመጣችውን ሀሁ በዜማ ከዳር እዳር ስትወርደው የሰማ ሁሉ «የአቶ ደረሰ ልጅ ዳዊት ልትደግም ነው» ይለኝ ስለነበር፣ ምስጋና ልሰማ ጋቢዬን አጣፍቼ ሄድሁ። መምህርቷ ወረቀት በስታ በቀዳዳው አንዲት ፊደል አሳየቻትና «ይቺ ማን ናት?» አለቻት። ልጄ ከሀ ጀምራ ማዜም ያዘች፤ ዜማው እዚያ ካልደረሰላት ፊደሏን አታውቃትም። «ማርና ማሽላ መነሻ ድምፃቸው አንድ መሆኑም አይሰማትም» አለችኝ መምህርቷ። «ሰነፍ አይደለችም፤ አሁን ካልያዝናት ግን ኋላ ንባብ ይከብዳታል። ከቤተሰባችሁ ማንበብ ያስቸገረው ሰው አለ?»

ጋሼ፣ ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ የመጡት እርስዎ ነዎት። የኔታ እጅዎን በአርጩሜ ሲያሳብጡት፣ እኔ ታናሽዎ እየቀደምሁ ስመልስ፣ አባባ «አንድ ሰው፣ አንድ ድንጋይ ወለድሁ» ሲሉ። በአሥራ አራት ዓመትዎ አገር ጥለው የጠፉት በዚያ እንጂ በሌላ አይደለም። ይህን እያወቅሁ «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም! ይልቅ አንቺ ማስተማሩን አታውቂበትም» ብያት ወጣሁ። ጴጥሮስስ የካደው ፈርቶ ነው፤ እኔ የካድሁዎት ለጋቢዬ ክብር ነው።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ያኔ መምህርቷ ከትምህርት በኋላ ለይታ የያዘቻቸው አራት ልጆች ዛሬ ያነባሉ። ከእነሱ ጋር እንዳትቀር የከለከልኋት የኔዋ ግን ሦስተኛ ክፍል ገብታ መጽሐፉን ከጓደኞቿ አፍ እየሰማች ትሸመድዳለች፤ ልጆቹም «በቀቀን» ይሏታል። ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ ማንበብ የማይችል ሰው የት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጅማ» ማለት አፍሬ ከብቶቹን ላስገባ ወጣሁ።

ሰኞ ወደ መምህርቷ ሄጄ፣ «አዎን አለ፤ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእሳቸው አልነበረም» አልኋት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አሁንም እንይዛታለን፤ ያኔ ቢሆን ግን ይቀላት ነበር» አለችኝ። ለንስሐ አባቴም ተናገርሁ፤ ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን እየሰገድሁ ነው፤ ሦስቱን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል? የእርስዎንስ አርባ ዓመት?

ለባለቤትዎ ለእትዬ ሸጋዬ፣ ለሄቨንም ሰላምታዬ ይድረስ። ያምሮት ጉልበትዎን ትስማለች። ሰላምታዋን በእጇ እንድትጽፍልዎ ከታች ቦታ ትቼላት ነበር፤ «አባዬ፣ አንተው ጻፈው» ብላ እስክሪብቶውን መለሰችልኝ። እኔም አልጻፍሁበትም፤ ቦታውን እንዳለ ባዶውን ልኬልዎታለሁ።

ታናሽዎ ደረሰ
ቡሬ ዙሪያ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.