ሰማያዊው መስታወት

ውድ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም አለን። እኔማ መስታወት መቁረጥ ፋታ ነሥቶኛል፤ ያ ሰባኪ ለምርጫ ተወዳድሮ «ያልመረጠኝ ፈጣሪን ካደ» ባለ ቁጥር የአንድ ሰፈር መስኮት ይረግፋል።

ማክሰኞ «እምነት በየቤታችን፣ ሕግ ለሁላችን» ያለችውን መምህርት መስኮቷን ሰብረው ገብተው ቀጠቀጧት፤ አንድ ዓይኗ ጠፋ። ሰማያዊውን መስታወት የገጠምኩላት እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ በከተማው ሌላ የለም። ስባሪውን ስጠርግ ወለሉ ደም በደም ነበር።

ታናሽ ወንድምሽ የዚያን ሰባኪ ጸሎት አያስታጉልም፤ ሱቅ ከመጣ ግን ሳምንቱ። እጁን ጠቅልሎ ቤት ገባና «ጣሳ ቆረጠኝ» አለኝ። መዳፉን በወረንጦ ሳጸዳለት አንዲት ስባሪ ወጣች፤ ሰማያዊ ናት። እናትሽ «ምንድን ነው?» ብትለኝ «ያው ጣሳው ነው» አልኳት።

እስቲ ደውዪለት፣ አንቺን ይሰማል። ፈጣሪ እጅሽን ከክፉ ይጠብቅ።

አባትሽ