ፎቶህ ከሙታን ገበታ ላይ ነው

ለውድ ወንድሜ ለሲሪሎ፤

እንደምን ከረምክ? የቲማቲም ሣጥን ስትሸከም ያመመህ ትከሻህስ ተሻለህ? ትበላለህ? ትተኛለህ? ወይስ እንደ ልማድህ አንዱን በሌላው ታካክሳለህ? ከፋሲካ ወዲህ ድምፅህን ስላልሰማን ጥያቄዬ በዝቷል፤ ለአንዱ እንኳ መልስ ባገኝ በቂዬ ነው። እኛ ደኅና ነን። እናታችንም ደኅና ነኝ ትላለች፤ ሰሞኑን ከዚህ ሌላ የምትለው የለም። እሷ ዝም ስትል ቤቱ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለህ።

እኔ ሦስተኛ ክፍልን ስለ ሙታን በዓል ሳስተምር ሰነበትኩ። መጽሐፉ ነገሩን የሙዚየም ዕቃ ስላስመሰለው ዘጋሁትና ከክፍሉ ጥግ ለሚመጡት ሙታን የራሳችንን ገበታ ሠራን፤ ብርቱካንማው አበባ፣ ዳቦው፣ ጨውና ሻማው፣ ለእያንዳንዱ ሟችም አንድ ብርጭቆ ውሃ። ከሩቅ የመጣ ሰው ይጠማዋል። ዳይሬክተራችን ዶን አበንዲዮ በገበታው ውበት ለሚያሸንፍ ክፍል ኳስ እሸልማለሁ ስላሉ፣ ልጆቹ ከሟቾቻቸው ይልቅ ለኳሱ ተጨነቁ። የሞተባችሁን ሰው ፎቶ አምጡ ብላቸው ፋውስቶ የሚባለው የአህያውን ፎቶ ይዞ መጣ። "ከአጎቴ የተሻለ ሰው ነበር" አለኝ። አጎቱን ስለማውቀው አልተከራከርኩም።

ልጅህ ኔሬይዳ የእናቷን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፎቶ ታመጣለች ብዬ ስጠብቅ ያንተንም አብራ ይዛ መጣች። ያንን ባርኔጣ ደፍተህ ፀሐይ ዓይንህን ያጨናበሰችብህን። ከእናቷ ጎን አቆመችው። የሕያው ሰው ፎቶ እዚያ እንደማይቀመጥ ጡት የሚጠባ ሕፃንም ያውቃል።

"አንቺ! አባትሽን ልትገዪው ነው እንዴ?" አለች ከኋላ አንዷ።

"አንቺ ወሬኛ፣ ዝም በይ!" ብላት ኔሬይዳ ወደ እኔ ዞረች። "አክስቴ፣ ሙታን በየዓመቱ ይመጣሉ አላልሽም? እማዬ ትመጣለች። የማይመጣው አባዬ ነው። እዚህ ካስቀመጥነው ግን ግዴታው ነው።"

ክፍል ውስጥ መምህርት በይኝ ብያት ነበር፤ ያን ቀን አላረምኳትም። ፎቶህን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ተመልሶ ገበታው ላይ ቆሟል፤ ቦርሳ መበርበሩን ካንተ ነው የወረሰችው። ውሃም ቀድታልሃለች። ከዚያ ወዲያ ለማንሳት እጄ እምቢ አለኝ።

ትናንት ጠዋት ክፍሉን ስንከፍት የሌሎቹ ውሃ እንዳለ ነው። ያንተ ብርጭቆ ግማሽ ሆኗል። ልጆቹ ተያዩ። ድመት ናት አልኳቸው። ትምህርት ቤቱ ድመት የለውም። ፋውስቶ እንኳ አልቀለደም።

ትናንትናውኑ አብሮህ የሚሠራው ኤቮዲዮ ለበዓሉ መጣ። እናታችን "ልጄስ?" ብትለው "ደኅና ነው... ደኅና ይመስለኛል" አለ፤ የመለሰው ለጫማው ነው። የቀረበለትንም የሜስካል አረቄ ሳይነካ ወጣ። ኤቮዲዮ! ማታ ደግሞ በራችን ላይ አንድ እቅፍ አበባ አስቀምጦ ሄደ። የኛ ሙታን አበባ አላቸው። ዛሬ ልጠይቀው ቤቱ ብሄድ ወጥቷል አሉኝ። ከበሩ ሥር ጫማው ይታይ ነበር።

እናታችን ያንን አበባ ቅጠል በቅጠል በጥሳ ሙታን ቤታቸውን እንዳይስቱ እንደሚደረገው ከመንገዱ እስከ ደጃችን አነጠፈችው። አሁን ሞሌ ወጥ እየሠራች ነው፤ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። ከሙታናችን መካከል እንዲህ የሚያቃጥል የሚወድ የለም። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

እናታችን በግራም በቀኝም ጉንጭህን ትስምሃለች። ኔሬይዳ "ለአባዬ ወንበር አዘጋጅቼለታለሁ በይው" ብላለች። ጎረቤታችን ዶና ኤውላሊያ ስለ አንተ በጠየቀች ቁጥር ታማትባለች፤ ሰላምታ እንደሆነ ቆጥሬልሃለሁ። ውሻህ ከጠዋት ጀምሮ ወደ መንገዱ እያየ ጅራቱን ይቆላል። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

ይህ ደብዳቤ አንተ ወዳለህበት ወደ ሳን ኪንቲን እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሙታን ግን ነገ ይገባሉ። የእህትህን ምክር ሰምተህ አታውቅም፤ ይህቺን አንዲቷን ስማኝ። ነገ አትምጣ። ከነገ ወዲያ ና፣ ለገና ና፣ ሰክረህ ና፣ ባዶ እጅህን ና፣ ፎቶዬን ማን እዚያ አስቀመጠ ብለህ እየተሳደብክ ና። ነገ ብቻ አትምጣ።

እህትህ ሄኖቬቫ
ሳን ማቴዮ ዩኩንዱ፣ ኦአሃካ
ኖቬምበር 1 ቀን 2008