ከበሮህን ስንቀንሰው

ውድ ልጄ ነመራ፣

ከመቱ የሚተላለፍ አስቸኳይ መግለጫ፦ የጎረቤታችን የዘውደነሽ አውራ ዶሮ ባለፈው እሑድ ከቆርቆሮ ጣሪያ ወድቆ አንድ እግሩን ያነክሳል። መጮኹን ግን አላቋረጠም፤ ትግሉ ይቀጥላል! አያትህም እንደ ዶሮው ነኝ። ጉልበቴ ደክሟል፣ አፌ ደህና ነው።

“የአኮን ድምፅ በካሴት ላኩልኝ” ብለህ ከጦር ሰፈር ከጻፍክ ወዲህ እረፍት የለኝም። አኮህን፣ ሴት አያትህን ዋሪቱን፣ እንድትዘፍን ለመንኳት። “ልጄ ሳይመለስ ለዘፈን አፌን አልከፍትም” አለች። ግትርነቷን ታውቀዋለህ፤ ዕድሜዬን የበላው እሱ ነው። የቀረን አንተ ልትሄድ ስትል፣ እሷ እየዘፈነች አንተ ከበሮ እየመታህ፣ እቤት የቀዳነው ካሴት ብቻ ሆነ።

ከፈትነው። ዱም! ዱም! ዱም! አኮህ ከሶር ፏፏቴ ሥር ሆና የምትጣራ ነው የምትመስለው፤ መኖሯን ታውቃለህ፣ ቃሏን አትሰማም።

ካሴቱን ይዤ ራዲዮ ጠጋኙ ወልደ የሱስ ጋ ሄድኩ።

“ጋሼ አብደታ፣ ቴፑን የት አስቀምጠው ነው የቀዱት?”

“ሳጥኑ ላይ ነዋ! ጥልፍ ጨርቅ አንጥፌ፣ በክብር።”

“ከበሮውስ?”

“ነመራ እዚያው ሳጥን ላይ አስደግፎት...”

“በቃ፣ ሳጥኑም አብሮ ከበሮ ሆኗላ! ቴፑን በክብር ቀብረውታል” ብሎ ሳቀብኝ።

ሁለት ቴፕ በሽቦ አገናኘ፤ አንዱ ሲያጫውት ሌላው ይቀዳል። መሃል ላይ ማጉያ አስገብቶ ባሱን፣ ያንን ወፍራም ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው አወረደው። የአኮህ ድምፅ ኩልል ብሎ ወጣ። ጀግና ሆኜ ቤት ገባሁ።

ሰምታ ስታበቃ “ኢልማ ኮስ? ልጄ የታለ?” አለችኝ።

“አንቺን እኮ ነው የጠየቀው!”

“እኔማ እዚህ አለሁ። እናንተ እጁን አጠፋችሁት።”

በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ ተመለስኩ።

“ደግሞ ምን ጎደለ?” አለ ወልደ የሱስ።

“ልጁ” አልኩት።

አልሳቀም። ቁልፉን ጥቂት ከፍ አደረገ፤ ከበሮው ዋጣት። መልሶ ዝቅ አደረገ፤ አንተ ጠፋህ። ቆሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ቃሏ አንድ ሳይቀር ተሰማ፤ ከበሮህም ገበያ ስትወጣ ዘንቢሏን ይዘህ እንደምትከተላት ከኋላዋ ቀስ እያለ መጣ።

ቤት ስናጫውተው አኮህ “ይሄ ልጅ አሁንም ይቸኩላል!” ብላ ከልቧ ሳቀች።

ካሴቱን ለፈቃድ የመጣው ጓድህ፣ የዳሪሙው በዳሳ፣ ወደ ጦር ሰፈር ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። ተመለስና የሴትዮዋን አፍ ክፈትልኝ፤ የዚህ ቤት ዝምታ ከጉልበቴ በላይ አድክሞኛል። ከበሮውን የፈለግክበት አስደግፍ፤ ቴፑን እኔ እታቀፈዋለሁ።

ደጅ ደጁን የሚያየው
አያትህ አብደታ

መቼም ያለ አንድ ፈጠራ ደብዳቤ እንደማልዘጋ ታውቃለህ። የዶሮው እውነት ነው፤ ዘውደነሽ ምስክሬ ናት። አኮህ ሳቀች ያልኩህን ነው የፈጠርኩት።